የቀኙ የኋላ ጎማ

 

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ጉርብትና ስናነብ ቆይተናል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ስለ ጎማ ነው። «ስለ ጎማ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም እስከ ጥር ወር 2017 ዓ.ም. ድረስ እንደዚያው እናስብ ነበር። ጉዳዩ ግን እንደምታዩት ከልጅም ከጉርብትናም አልራቀም።

«እኛ» ስንል ሁለት ወንድማማቾች ነን። ታላቁ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ በመድረሳ እየተመላለሰ ያደገ፣ ዛሬ የሠላሳዎቹን ዕድሜ አጋምሶ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ነው። ታናሹ የባጃጅ ሾፌር ነው። ብዕሩን የያዘው መምህሩ ቢሆንም ባጃጇ የጋራችን፣ ዕዳዋም የጋራችን፣ ከዚህ በታች የምንናገረውም ጥፋት የጋራችን ስለሆነ «እኔ» ማለቱ አላማረንም። የምንኖረው ከእናታችን ጋር ቦሌ ቡልቡላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤታችን በመሆኑ ጨዋታችንን በየመሐሉ አውሮፕላን ያቋርጠዋል። እንግዳ የሆነ ሰው ንግግሩን አቁሞ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን መቀጠልን ለምደናል።

ሰፈራችንን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ዋናው መንገድ ሰፊ አስፋልት ነው። ከእሱ ገባ ሲሉ ኮብልስቶን ይቀበላል፤ ከኮብልስቶኑ ወዲያ ኮረኮንች ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ታክሲ ወደዚያ አይዘልቅም። ከዚያ ወዲህ ያለው የባጃጅ ግዛት ነው። ምጥ የያዛት እናት፣ ከወፍጮ ቤት የተመለሰ ዱቄት፣ ለዒድ የተገዛ በግ ሳይቀር የሚገባው በባጃጅ ነው። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ የባጃጅ አገልግሎት ለጊዜው ታግዶ በነበረ ጊዜ ይህ ሁሉ ሸክም በሰው ጀርባ ሲጓዝ አይተናል። ባጃጃችንም ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮዎች ጣሪያዋ ላይ ያድሩ ነበር።

ከሁሉ ሥራችን የሚቀድመው በየጧቱ ተማሪዎችን ማድረስ ነው። ስድስት ልጆች እንወስድ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበል! ባጃጅን ፋብሪካው የሠራት ለሾፌርና ለሦስት ተሳፋሪ ነው። እኛ ግን «ልጆች ስለሆኑ ቀላል ናቸው» እያልን ሦስቱን በመቀመጫው፣ ሦስቱን በጭናቸው ላይ እናደርድር ነበር። ከስድስቱ ሦስቱ የአንዲት እህታችን ልጆች ናቸው። እኅታችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት። ሌሎቹ ወላጆች የወሩን ሒሳብ ወር ከገባ በኋላ እየቆራረጡ ሲሰጡን፣ እሷ ግን ወሩ ሳይጠባ አስቀድማ ነበር የምትከፍለን።

ወደ ጎማው እንመለስ።

የቀኙን የኋላ ጎማ የገዛነው በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ስሙን ከማንጠቅሰው አንድ ሱቅ ነው። ጎማው ሲያዩት አዲስ ነበር። ያ አዲስ ጎማ ላይ የሚታየው እንደ ጢም የቆመ የጎማ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። በኅዳር ወር ግን ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ መሬት ስንጥቅጥቅ ማለት ጀመረ። አንድ ማታ መምህሩ የተማሪዎች ፈተና ማረም ሰልችቶት በባትሪ ብርሃን ጎማውን ሲያገላብጥ አንድ ነገር አየ። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ፣ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኀዞች ይታተማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ታዲያ። የእኛ ጎማ «1117» ይላል። ይኸውም እ.ኤ.አ. የ2017 ዓመት 11ኛ ሳምንት፣ በእኛ መጋቢት 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «አዲስ» ብለን የገዛነው ጎማ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ መደርደሪያ ላይ አርጅቶ የተሸጠልን ነበር! ጎማ ደግሞ ባይሠራበትም ያረጃል። አየሩና ሙቀቱ ቀስ በቀስ ያደርቁታል፤ መለጠጡን ትቶ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ሾፌሩ በነጋታው ሊጣላ ሄደ። ሻጩም «ዐይንህ እያየ አይደለም ወይ የገዛኸው? ቁጥሩም እዚያው ተጽፏል» ብሎ መለሰው። ይህን ነገር ለወራት አልተውነውም። ቡና በጠጣን ቁጥር የዚያ ሰው ነገር ይነሣል። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ስለ ንግድ ሲያስተምሩን፣ ሻጭ የዕቃውን ነውር ለገዢው ሳይነግር መሸጥ እንደማይፈቀድለት አጥብቀው ነግረውናል። ይህን ትምህርት ያገኘን ልጆች ነንና «ያ ሰው በምን ፊቱ ነው አላህ ፊት የሚቆመው?» እንል ነበር። እናታችን «እናንተ ልጆች፣ ሰውየውን ተዉት» ብትለንም አልሰማናትም።

በጥር ወር ጎማው ጥርሱ አልቆ ሙልጭ አለ። ከዚያም በመሐሉ በኩል ነጭ ክር ብቅ አለ። መቼም ባጃጅ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ተሳፋሪዎቿም የሚቀመጡት ከኋላ ነው፤ የሚገፏትም የኋላ ጎማዎቿ ናቸው። የፊተኛው ጎማ መንገድ ይመራል እንጂ ከሸክሙ ብዙውን አይካፈልም። ስለዚህ የሚያልቁት የኋላዎቹ ናቸው። ሾፌሩ ክሩን አሳየን። «እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል» አለ። መምህሩም ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ቀስ ብለህ ንዳ» አለ። ሁለታችንም «አላህ ይጠብቀን» ብለን ወደ ቤት ገባን። ልጆቹ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ለሁለት ሳምንት በዚያው ጎማ ላይ ተጓዙ።

አንድ ሐሙስ ጧት ሾፌሩ ልጆቹን አድርሶ ባዶውን ተመለሰ። የግቢያችንን በር እየከፈተ ሳለ ጎማው ተነፈሰ። ዝም ብሎ መተንፈስ እንኳ አይደለም፤ ክሩ ተበጥሶ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተፈጥሮ ነበር። ባጃጇ ቀኝ ጎኗን ዝቅ አድርጋ እንደ አንካሳ ቆመች። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያ ጎማ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢሆንስ?

መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር፣ ሦስት እግር ያለው ነገር አይወላወልም፤ ሦስት ጉልቻ ድስት የሚሸከመው ለዚህ ነው ይላል። እውነት ነው። ግን የጉልቻው ድስት አይታጠፍም፣ አይሮጥም። ባጃጅ ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ሁሉ ወደ ቀኝ ይጋደላል። ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚደግፋት የለም፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ብቻውን ይቀበላታል። ወደ ትምህርት ቤቱ የምትወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዳ ወደ ግራ የምትታጠፍ ናት። ይህን ያህል ተናግረን እንለፈው። በዚያ ዕለት ሁለታችንም ምሳ አልበላንም።

ስኮርታ የለም ወይ? ይባል ይሆናል። አለ፤ ግን ከጎማው የባሰ ነበር። ጎሚስታ ቤት እንዳንወስዳት ደግሞ በተነፈሰ ጎማ መንዳት ቸርኬውን ያጣምመዋል። ስለዚህ በቤታችን ልንለውጠው ተስማማን። ገንዘቡን የሰጠችን እናታችን ናት፤ ከዕቁቧ። ዓርብ ከጁምዐ ሶላት በኋላ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። የባጃጅ ጎማ ልኩ «4.00-8» ይባላል፤ ወርዱ አራት ኢንች፣ የሚቀመጥበት ቸርኬ ዲያሜትር ስምንት ኢንች ማለት ነው። ሦስቱም ጎማዎች አንድ ልክ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። በዚህኛው ሱቅ ጎማውን ገና ሳንጨብጥ መብራት ወዳለበት ወስደን አራቱን አኀዞች ፈለግን። የመጀመሪያው አላስደሰተንም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሻጩ በትዕግሥት ሦስተኛውን አወጣልን፤ «3824» ይላል። የአራት ወር ጎማ! ከነካላማዳሪው ገዝተን፣ እንደ ሕፃን ታቅፈን፣ በታክሲ ተመለስን።

ቅዳሜ ጧት ሥራው ተጀመረ። በዚህ ሥራ ላይ መምህሩ የራሱ ታሪክ አለውና እሱን ሳንናገር ወደ ፊት መሄድ አይሆንም። የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጠባሳ አለ። በ2012 ዓ.ም. ባጃጇን በገዛንበት ዓመት የተተወለት ማስታወሻ ነው። የባጃጅ ቸርኬ እንደ መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ሁለት ሳሕን ተገጣጥሞ በብሎንና በዳዶ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ቸርኬው ላይ ሁለት ዓይነት ዳዶ ታያላችሁ። አንዳንዶቹ ጎማውን ከፍሬኑ ታምቡር ጋር ያስሩታል። ሌሎቹ ሁለቱን ግማሽ ቸርኬዎች እርስ በርስ ያስሯቸዋል። በዚያን ጊዜ መምህሩ ይህን አላወቀም። ጎማው ውስጥ አየር እንዳለ ሁለተኛዎቹን መፍታት ጀመረ። የመጨረሻው ዳዶ ላይ ሲደርስ ቸርኬው «ጧ!» ብሎ ተከፈተ፤ መፍቻው ተወርውሮ የውኃ በርሜሉን መታ፤ ጣቱም ደማ። እናታችን ከማድ ቤት እየሮጠች ወጣች። ያ መፍቻ ወደ ፊቱ ቢወረወር ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ጉዳዩ የፊዚክስ ነውና፣ መምህሩ ጣቱን ካሰረ በኋላ ሒሳቡን ሠራው። በጎማ ውስጥ ያለው አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል እንበል። ሁለት ኪሎ ምን አላት? ነገር ግን ከጎማው አንድ ጎን 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ብንወስድ 600 ኪሎ ግራም ይመጣል። ስድስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው! ሁለቱን ግማሽ ቸርኬዎች ለመለያየት ዘወትር የሚታገለው ኃይል በኩንታል የሚቆጠር ነው፤ የያዙት እነዚያ ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው። ይህንን ሒሳብ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ያሠራቸዋል። ጣቱንም ያሳያቸዋል። ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ጣቱ ይታወሳቸዋል።

እንግዲህ ወጣቶች አንባብያን፣ በቤታችሁ የምትሞክሩት ከሆነ የሠራነውን በቅደም ተከተሉ እንንገራችሁ። ባጃጇን ደልዳላ መሬት ላይ አቆምናት፤ ማርሽ አስገብተን የእጅ ፍሬኗን ያዝን፤ የፊቱንና የግራውን ጎማ በድንጋይ አስደገፍን። የታምቡሩን ዳዶዎች ባጃጇ ሳትነሣ፣ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ በጥቂቱ አላላናቸው፤ ከተነሣች በኋላ ጎማው አብሮ እየዞረ ያስቸግራል። ከዚያም በክሪክ አነሣናት። ብዙ ሾፌሮች ክሪክ አያሻም ብለው ሁለት ሦስት ጎረምሶች ጠርተው በጎኗ ያጋድሏታል። ቤንዚኑና የባትሪው ውኃ ሲፈስ ዐይተናልና እኛ አንስማማም። ክሪኩም ቢሆን አይታመንም፤ ከሥሯ ወፍራም ግንድ አስገባን። ጎማው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው የቫልቩን መርፌ አውጥተን፣ የቀረችውን ትንፋሽ ሁሉ አስወጥተን፣ በመዳፋችን ተጭነን ማረጋገጥ ነው። ሾፌሩ «ቀዳዳውን እያየኸው ምን አየር ይኖረዋል?» ብሎ ሳቀ። ሊኖረው ይችላል፤ መምህሩም አልሳቀም።

ቸርኬው ለሁለት ሲከፈል ጎማው ያለ ትግል ወጣ። ይህን ቅለት ያገኘነው ከማን እንደሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም። «ባጃጅ» ማለት የአንድ ሕንዳዊ የነጋዴ ቤተሰብ ስም ነው። ኩባንያው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማዎቹን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያኑ ፒያጂዮ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ነው። ፒያጂዮ ደግሞ አውሮፕላን ሠሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ወደመና ከጦርነቱ በኋላ ርካሽ ሞተር ብስክሌት ለመሥራት አሰበ። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር ይባላል፤ ከሚጠላበት ምክንያት አንዱ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ መለወጡ አስቸጋሪና ልብስ የሚያቆሽሽ መሆኑ ነው! ስለዚህ የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ከአንድ ጎኑ ብቻ አሰረው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ፣ በ1948 ደግሞ አፔ የተባለችው ባለ ሦስት ጎማ ወጣች። የባጃጃችን አያት እሷ ናት። ይህን ለሾፌሩ እየተረክንለት ሳለ አንድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሁለታችንም ቀና ብለን እግሩ ሲታጠፍ አየን። እንደ ልማዳችን አልጮኽንም፤ እስኪያልፍ ጠበቅነው።

ለነገሩ የምንሠራበት ቃል ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ስኮርታ፣ ካላማዳሪ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲሄድ ጋራዡን ትቶልን የሄደ ይመስላል።

የጎማውን ውስጥ በባዶ ጣት መዳሰስ አይገባም፤ ሚስማር ወይም የተበጠሰ ሽቦ ካለ ይወጋል። ጨርቅ ጠቅልለን የቸርኬውን ዙሪያ ጠረግን፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። አዲሱን ካላማዳሪ ትንሽ ነፍተን ክብ ቅርጹን እንዲይዝ አደረግነው፤ ጨርሶ ባዶ ከሆነ በሁለቱ ቸርኬዎች መሐል ተቆንጦ ይቀደዳል። የሕፃን ፓውደር ነሰነስንበት፤ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅ ይረዳል። ፓውደሩን ያመጣችልን ከጎረቤቷ እህታችን ልጆች ታናሿ ናት። አንደኛ ክፍል ናት። እሷና ወንድሞቿ ከጧት ጀምሮ ዙሪያችንን ከብበው ቁጭ ብለው ነበር። ለእነሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነገርናቸው። በአየር የሚነፋ ጎማ በዓለም ላይ ከታወቀባቸው ምክንያቶች አንዱ አንድ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም፣ የልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ድንጋይ ላይ ሲያንገጫግጨው አይቶ ነው የነፋለት። ከእሱ በፊትም ሐሳቡ የመጣለት ሰው ነበር፤ እንዲስፋፋ ያደረገው ግን ደንሎፕ ነው። ትንሿ ልጅ «ለልጁ ብሎ ነው?» አለች። አዎ፣ ለልጁ ብሎ ነው። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብትለን መልስ አጣን።

ዳዶዎቹን እንደ መስቀለኛ፣ አንዱን ከወዲህ ቀጥሎም ትይዩውን ከወዲያ፣ በየጥቂቱ እያጠበቅን ሳለ የልጆቹ እናት በአጥሩ በር ብቅ አለች። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ አጠፉባችሁ?» አለች ልጆቿን እያየች። በዚህ ጊዜ ምን እንዳደረግን ታምናላችሁ? ሳንነጋገር፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ፣ አሮጌውን ጎማ ገፋ አድርገን ከውኃ በርሜሉ ኋላ ደበቅነው። ሾፌሩ በእጁ፣ መምህሩ በእግሩ። ክሩ የወጣው ጎን እንዳይታያት።

«ምንም አላጠፉ፣ ተጫወቱ እንጂ» አልናት። ልጆቿን ሰብስባ ሄደች። እኛም ወደ ዳዶው ተመለስን። ግን እጃችን አልታዘዝ አለ። ሾፌሩ መፍቻውን አስቀመጠና «ሰባት ዓመት ሙሉ የደበቀውን ሰውየ...» ብሎ ጀምሮ ተወው። መጨረስ አላስፈለገውም። ለወራት ቡና ላይ የሰደብነው ነጋዴ የዕቃውን ነውር አንድ ቀን፣ ለአንድ ገዢ ነው የደበቀው። እኛ ግን በየጧቱ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አስቀድማ ለከፈለችን እናት ደብቀናል። እሷ የገዛችው ጉዞ ነው፤ የጉዞው ነውር ደግሞ እዚያ በርሜል ኋላ ተጋድሟል። እሱ እንኳ ቁጥሩን አልፋቀውም ነበር።

ጎማውን ገጥመን፣ በእግር መንፊያ በየደረጃው ነፍተን፣ ባጃጇን አውርደን ዳዶዎቹን እንደገና አጠበቅን። ዝሁር ሰግደን ወጣን። አሮጌውን ጎማ ይዘን ነው የሄድነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ለሃምሳ ተማሪ ሲናገር አፉ አይያዝም፤ በእሷ ደጃፍ ግን ቃል ጠፋው። የተናገረው ሾፌሩ ነው። «እህቴ፣ ልጆችሽን በዚህ ጎማ ነው ስወስድ የነበረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ። እናውቅ ነበር» አለና ክሩን አሳያት።

ምጣዱ ላይ እንጀራ ነበርና እሱን አውጥታ፣ ምጣዱን ከድና ወደ እኛ ተመለሰች። እንደምትቆጣ ጠብቀን ነበር። እሷ ግን ጎማውን ዐይታ ዞር አለች።

«አይቼዋለሁ» አለች።

ዝም አልን።

«የመጀመሪያው ዕለት ነው ያየሁት። ትልቁ ልጄ አሳየኝ። ብናገር ‹ሌላ ፈልጊ› ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። በእግራቸው እንዳልሰዳቸው መንገዱን ታውቁታላችሁ። በየጧቱ በሩ ላይ ቆሜ የባጃጇ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ዱዓ አደርግ ነበር። ከዚያ ነው ምጣዱን የምጥደው።»

ሁለታችንም የምንለው አጣን። «ዐውፍ በይን» አላት ሾፌሩ። «ለአላህ ብዬ» አለች። ቀጥላ ግን፣ ረጋ ብላ፣ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ልጆቹ ከእንግዲህ ሦስት ሦስት ሆነው እንዲሄዱ። ያ ማለት በየጧቱ ሁለት ምልልስ ነው። ቤንዚኑ እጥፍ ይሆናል፤ ሾፌሩም ጧት የሚይዛቸውን ሁለት ደንበኞች ያጣል። «ሒሳቡን ልጨምር» ስትል መምህሩ ቀድሞ «አይሆንም» አለ። ሾፌሩ በኋላ «አንተ ቀድመህ ባትናገር ግማሹን እንኳ ብትጨምር አልጠላም ነበር» ብሎ አጉረምርሟል፤ ይህንንም የጻፍነው እሱ ይጻፍ ስላለ ነው። ሦስት ሦስት ሆኑ። የሌሎቹን ልጆች ወላጆችም ሄደን ነገርናቸው። አንዱ አባት ተቆጥቶ ልጁን ለሌላ ባጃጅ ሰጠ፤ መብቱ ነው።

ሰኞ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ የአዲሱን ጎማ ዳዶዎች በመፍቻ አንድ በአንድ ሞከረ። አዲስ የተገጠመ ጎማ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ዳዶው ሊላላ ስለሚችል ድጋሚ መታየት አለበት። አንዱ ግማሽ ዙር ያህል ጠበቀ። ትንሿ ልጅ ቦርሳዋን አዝላ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ጣቷን በጎማው ጎን ላይ እያስሄደች ሞላላውን ክብ አገኘችው። ገና ቁጥር እየለመደች ነውና ሁለት ሁለቱን ለይታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «ሠላሳ ስምንት፣ ሃያ አራት።» ከዚያ ተነሥታ በመቀመጫው ላይ፣ በማንም ጭን ሳይሆን በራሷ ቦታ ተቀመጠች። እናትየው እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባጃጇ ታጥፋ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ቆየች፤ ከዚያ ምጣዱን ልትጥድ ገባች።